ቪዲዮአችሁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር እንዳይመስል

ይህ ጽሑፍ ቪዲዮአችሁ ጥልቀት እንዲኖረው እንዴት እንደምትቀርጹትና እንደምታሳዩት ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሩ። ቲቪ ወይም ላፕቶፕ ላይ ጥራቱ ጥሩ የሆነ ቪዲዮ ክፈቱ። ገበያም ይሁን ገደል፣ የፈለጋችሁት። አንድ ወረቀት ጠቅልላችሁ ቱቦ አድርጉት። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና በሌላው በቱቦው ውስጥ ተመልከቱ። የስክሪኑ ጠርዝ አይታያችሁ፤ ምስሉ ብቻ ይታያችሁ። አሥር ሰከንድ ያህል ታገሡ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "እንዴ!" ይላል። ምስሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ከፊት የቆመው ሰው ከኋላው ካለው ግድግዳ ይላቀቃል። ቪዲዮው ያው ነው፣ ስክሪኑም ያው ነው። የተቀየረው ለአንጎላችሁ የሚደርሰው ወሬ ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን በ6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። ስለዚህ አንድን ዕቃ ሲያዩ እያንዳንዳቸው ትንሽ የተለየ ነገር ያያሉ። አንጎል ሁለቱን አመሳክሮ ርቀት ያወጣል። ስክሪን ላይ ግን ሁለቱም የሚያዩት አንድ ዓይነት ምስል ነው። "ይሄ ልሙጥ መስታወት ነው" ብለው ይመሰክራሉ። አንዱን ስትጨፍኑት ያ ምስክርነት ይቀራል። ያኔ አንጎል በቀሩት ምልክቶች ይፈርዳል። ብርሃኑ ከየት መጣ? ማን ማንን ጋረደ? የትኛው ተለቀ፣ የትኛው አነሰ? ሲንቀሳቀስ የትኛው ቀደመ?

እኛ በቪዲዮ ጥልቀት የምናመጣው በእነዚህ ምልክቶች ነው። ኤችዲ፣ ማለትም ከፍተኛው የምስል ጥራት፣ ራሱ ጥልቀት አይሠራም፤ የተሠራውን ሳያበላሽ ያደርሳል እንጂ። ባለ 1920 በ1080 የኤችዲ ፍሬም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። የድሮው ኤስዲ፣ 720 በ576 የሆነው፣ ደግሞ 414,720 ብቻ። ልዩነቱ አምስት እጥፍ ነው። ያ ሁሉ ነጥብ የሚጠቅመው የሸማው ድርና ማግ፣ የጉንጭ ቆዳ፣ ሲኒው ከንፈር ላይ ያለችው ብልጭታ መንገድ ላይ እንዳይጠፉ ነው። ካሜራው ፊት ያልነበረ ጥላ ግን ከኤችዲ በላይ በሆኑት በ4ኬና በ8ኬም አይመጣም።

ይህን የተማርኩት በገዛ ገንዘቤ ነው። የሰርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። የመጀመሪያውን 4ኬ ካሜራዬን የገዛሁ ሰሞን አንድ መልስ ቀረጽኩ። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ካሜራው አናት ላይ የተሰካ መብራት። ቤት ገብቼ ስከፍተው የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰዎቹ ግን ከካርቶን ተቆርጠው የቆሙ ነው የሚመስሉት። የሙሽራዋ አክስት አይተው "ምነው ልጄ፣ የድሮው ካሜራህ አይሻልም ነበር?" አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። ልክ ነበሩ።

ለምሳሌ ያህል ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ እንቅረጽ። ስልክም ካሜራም ይሆናል። ቡናን የመረጥኩት ከባድ ስለሆነ ነው። ጥቁር ጀበናና ነጭ ቀሚስ አንድ ፍሬም ውስጥ ናቸው። የሚያብረቀርቅ ሲኒ አለ፣ ጭስ አለ፣ መሬት ላይ ቄጠማ አለ። እሱን በደንብ የቀረጸ ሰው ሌላው አያቅተውም።

1. ከግድግዳው አላቅቋቸው

የአብዛኞቻችን ሳሎን ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። ሰውም እዚያው ላይ ተቀምጦ ይቀረጻል። ውጤቱ ፓስፖርት ፎቶ ነው። ረከቦቱንና ቡና የምታፈላዋን ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሜትር ወደ መሀል አምጧቸው። ጠረጴዛውን ለአንድ ሰዓት ኮሪደር ላይ ብታስቀምጡት ማንም አይሞትም።

ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ካሜራውን ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አትደግኑ። አንዱ ጥግ ላይ ቁሙና ወደ ተቃራኒው ጥግ ቅረጹ። ያኔ የግድግዳውና የኮርኒሱ መስመሮች እየጠበቡ ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። ዓይን ያንን መስመር ተከትሎ ይገባል። ከዚህም የሚሻለው ወደ ተከፈተ በር መቅረጽ ነው። ከበሩ ባሻገር ሌላ ክፍል፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ትንሽ ብርሃን ካለ ሦስት ሜትር የነበረው ቤት ስምንት ሜትር ይመስላል።

2. ብርሃኑን ከጎን አምጡ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ማድረግ የሚችል ሰው ይህን ያድርግ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የስልካችሁን መብራት ከዓይናችሁ አጠገብ ይዛችሁ አብሩበት። የምታዩት ነጭ ክብ ነው፤ ከወረቀት ተቆርጦም ሊሆን ይችላል። አሁን መብራቱን ወደ ጎን ውሰዱት። በአንዱ በኩል ያበራል፣ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ በሌላው በኩል ይጨልማል። እንቁላል ሆነ። ዓይን የአንድን ነገር ቅርጽ የሚያውቀው ከዚህ ቀስ በቀስ ከሚደበዝዘው ብርሃን ነው። ፊትም እንደዚያው ነው። ካሜራ አናት ላይ የሚሰካው መብራትና ሪንግ ላይት ጉንጩንም አፍንጫውንም እኩል ያበሩታል። ቆዳ ለማሳመር ይመቻሉ፤ ለጥልቀት ግን ጠላት ናቸው። ሪንግ ላይት ያላችሁ አትጣሉት፤ ካሜራው ፊት ማቆሙን ትታችሁ ከጎን አቁሙት።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

የኮርኒሱን መብራት አጥፉ። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ዓይን ሥር ጉድጓድ ይሠራል፣ ጥላውንም ሁሉ ያደባልቃል።

የምታፈላዋን መስኮቱ ከጎኗ እንዲሆን አስቀምጧት። ፊት ለፊቷ አይሁን፣ ከጀርባዋም አይሁን። ጥሩው ቦታ መስኮቱ ከእሷ ፊት በስተጎን በ45 እና በ90 ዲግሪ መካከል ሲሆን ነው። ዲግሪ መለካት ካስጠላችሁ የአፍንጫዋን ጥላ እዩ። ጥላው ወደ ጉንጯ ከወረደ ልክ ነው። ጥላ ከሌለ ብርሃኑ ከፊት ነው።

ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ስስ መጋረጃ ጣሉበት። ብርሃኑ ለስለስ ይላል፣ አቅጣጫው ግን አይጠፋም።

ጥላው በጣም ከጠቆረ በጥላው በኩል ነጭ ነጠላ ወንበር ላይ ዘርጉ። ከመስኮቱ የመጣውን ብርሃን መልሶ ይሰጣል። በጥላው በኩል ሁለተኛ መብራት አታብሩ። ሁለተኛው መብራት የመጀመሪያውን ሥራ ነው የሚያፈርሰው።

ማታ ከሆነ አንድ የጠረጴዛ አምፖል ይበቃል። አምፖሉን ወደ ሴትዮዋ አቅርቡት። የአምፖል ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። አምፖሉ ከፊቷ 1 ሜትር፣ ከግድግዳው 4 ሜትር ቢርቅ ግድግዳው የሚያገኘው ፊቷ ካገኘው 16 እጥፍ ያነሰ ነው። ፊቷ ደምቆ ግድግዳው ወደ ኋላ ይሸሻል። አምፖሉን ብታርቁት ግን ሁለቱም ወደ እኩል የቀረበ ብርሃን ያገኛሉ፤ ተመልሶ ፖስተር።

አሁን የበራው ጉንጭ ከኋላው ጨለማ እንዲኖረው፣ የጨለመው ጉንጭ ደግሞ ከኋላው ትንሽ ብርሃን እንዲኖረው አድርጉ። አንዳንዴ ካሜራውን አንድ እርምጃ ወደ ጎን መውሰድ ብቻ ይበቃል። ጸጉሯና ትከሻዋ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ከፈለጋችሁ ትንሽ መብራት ከኋላዋ፣ ፍሬሙ ውስጥ ሳይገባ፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሹሩባ የተሠራች ከሆነ ይህ መስመር እያንዳንዱን ጉንጉን ለይቶ ያወጣዋል። በጣም ካበዛችሁት ግን የዜማ ክሊፕ ይሆናል።

3. ነጩን ቀሚስ አታቃጥሉ

የእኛ አገር ካሜራማን ፈተናው እዚህ ነው። ጠይም ፊትና ነጭ ሸማ አንድ ፍሬም ውስጥ። ስልኩ ፊቱን ላብራ ሲል ቀሚሱ ይቃጠላል። ቀሚሱን ሲያድን ፊቱ ይጠፋል።

"ኦቨር ሆነ" የምንለው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። በተለመደው ቪዲዮ እያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አለው፣ ከ0 እስከ 255። ነጩ 255 ከደረሰ በኋላ ከዚያ በላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም። የቀሚሱ እጥፋት 255፣ ጉልበቷ ላይ ያረፈው 255፣ ክንዷ ላይ ያለውም 255። ሁሉም አንድ ሆነ። እጥፋት የለም፣ ሽመና የለም፣ ከሥሩ ሰው ያለም አይመስልም። ኤዲት ላይ ብታጨልሙት ነጩ ግራጫ ይሆናል እንጂ እጥፋቱ አይመለስም። የጨለመ ፊት ግን በመጠኑ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ምርጫ ከመጣ ቀሚሱን አድኑ።

ስልክ ላይ ብርሃን የበዛበትን የቀሚሱን ክፍል ነክታችሁ ጣታችሁን ሳታነሡ ቆዩ። አብዛኛው ስልክ ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፋል። ከዚያ ጣታችሁን ሸርተት እያደረጋችሁ ብርሃኑን አስተካክሉ። የሽመናው መስመር ገና የሚታይበት፣ ግን ነጭነቱ ያልጠፋበት ቦታ ላይ ቁሙ። ፊቷ ጨለም ካለ ብርሃን አትጨምሩ። "ፊትሽን ወደ መስኮቱ ትንሽ መለስ አድርጊው" በሏት። ፊቷ ብርሃን ያገኛል፣ ጉልበቷ ላይ ያለው ሸማ ግን ያው ነው። ይህችን ዘዴ ያገኘሁት ስንት ሰርግ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ካሜራ ያላችሁ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን፣ ዜብራ የሚባለውን ምልክት 95 ላይ አድርጉት። ቀሚሱ ላይ የሚርመሰመሱ መስመሮች ካያችሁ ቀንሱ። ጥለቱ ላይ ያለው ወርቃማ ክር ጫፍ ጫፉ ቢያብረቀርቅ ግን ተዉት። ጀበናው ሆድ ላይ ያለችው ብልጭታና ሲኒው ላይ ያለችውም እንደዚያው። ትንሽ ብልጭታ ዕቃው ክብ መሆኑን ከምንም በላይ ትናገራለች። የድሮው ጥራት የሚጎዳት አንዷ ነገርም እሷ ነበረች።

ነጭ ቀሚስ ከነጭ ግድግዳ ፊት አታስቀምጡ። ጠርዙ ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል። የተዘጋ ጥቁር ቡኒ መጋረጃ፣ ቁም ሣጥን፣ የጨለመ ኮሪደር፣ ሁሉም ይሻላል።

4. ከፊት የሆነ ነገር፣ ከኋላም የሆነ ነገር

ማን ማንን ጋረደ የሚለው ምልክት በጣም ኃይለኛ ነው። ሲኒው የጀበናውን ታች ከጋረደ ሲኒው ቀድሟል፣ አለቀ። አንጎል አይከራከርም። ስለዚህ ዕቃዎቹን ለየብቻ እንደ ሱቅ ዕቃ አትደርድሯቸው። ይደራረቡ። የፈንዲሻው ሰሃን ከፊት፣ ሲኒዎቹ ከኋላው፣ ጀበናው ከእነሱ ኋላ፣ እሷ ከጀበናው ኋላ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ የምትጫወት ልጅ ወይም ሶፋ ላይ ያለ እንግዳ።

የካሜራው ከፍታ እዚህ ጋ ወሳኝ ነው። ቆማችሁ ቁልቁል ከቀረጻችሁ ረከቦቱ ካርታ ይሆናል፤ ሲኒዎቹ ነጫጭ ቀለበት። መሬት ላይ አስተኝታችሁ ከቀረጻችሁ ደግሞ ወለሉ ይጠፋል። ቁጭ በሉ። ካሜራው ከረከቦቱ ትንሽ ከፍ ይበል። ያኔ ቄጠማው ከፊት ቅጠል ቅጠል ሆኖ ይታያል፣ ወደ ኋላ እየሄደ ሲመጣ እየደቀቀ አረንጓዴ ምንጣፍ ይሆናል። ይህ መድቀቅ ራሱ የርቀት ምልክት ነው። ኤችዲ ለዚህ ነው የተፈጠረው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ጥራት ከሌለ የፊቱም የኋላውም ቄጠማ እኩል አረንጓዴ ጭቃ ነው።

ዕጣኑ ደግሞ ነጻ የሲኒማ ዕቃ ነው። ተራራ ሲርቅ እየገረጣ እንደሚሄድ አይታችኋል። በመካከል ያለው አየር ነው የሚያገረጣው። ቤት ውስጥ ያንን ሥራ ጭሱ ይሠራል። ማጨሻውን በእሷና ከኋላዋ ባለው ነገር መካከል አስቀምጡት። ከኋላ ያለው ይገረጣል፣ እሷ ትደምቃለች። ጭስ ግን የሚታየው ብርሃን ከጎኑ ወይም ከኋላው ሲመታው ነው። ብርሃኑ ከካሜራው በኩል ከመጣ ጭሱን አታዩትም። መስኮቱ ከካሜራው ተቃራኒ ጎን ሲሆን እያንዳንዱ ጥምዝ ይታያል። አታብዙት። ቤቱ በጭስ ከሞላ ፊቷም ይገረጣል፣ እንግዳውም ይስላል።

5. ብለር ላይ አትንጠልጠሉ

ጥልቀት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከኋላ የደበዘዘ ምስል ነው። ይረዳል። ግን እንደ በርበሬ ነው፤ ወጡን እሱ ብቻ አይሠራውም። ከኋላ ያለው ሁሉ ከደበዘዘ የደረደራችሁት ክፍል የት አለ? ሰው ከደበዘዘ ግድግዳ ፊት የቆመ ሌላ ካርቶን ሊሆን ይችላል።

ስልክ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ከቅርብም ከሩቅም ያለውን ብዙውን ጊዜ ጥርት አድርጎ ነው የሚያሳየው። ካሜራ ላይ ያለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ትልቅ ሴንሰር ግን በቀላሉ ያደበዝዛል። ስልኮች ይህን ለማካካስ በሶፍትዌር ማደብዘዝ ጀመሩ። አይፎን 13 በ2021 ለቪዲዮም አመጣው። ፊት ላይ ያምራል። ሹሩባ፣ የነጠላ ዘርፍና ጭስ ላይ ግን ይሳሳታል። ዘርፉ ግማሹ ጥርት ያለ፣ ግማሹ የሟሟ ይሆናል። ለቡና አጥፉት። ብለር ከፈለጋችሁ ወደ ዕቃው ተጠጉ። ከሲኒው አንድ ስንዝር ርቃችሁ ሲኒው ላይ ፎከስ ብታደርጉ ጀበናው በእውነተኛው ሌንስ ለስለስ ይላል።

6. ተንቀሳቀሱ፣ ግን በእግር

በቢሾፍቱ መንገድ በአውቶቡስ ሂዱና በመስኮት እዩ። የመንገድ ዳር ምሰሶ እየበረረ ያልፋል። ማሳው ቀስ ይላል። ዝቋላ ግን አብሮአችሁ የሚጓዝ ነው የሚመስለው። የቀረበው ይፈጥናል፣ የራቀው ይዘገያል። ዓይን ከዚህ ልዩነት ርቀት ይሰፍራል። በአንድ ዓይን እንኳን ይሠራል፤ ስለዚህ ስክሪን ላይም ይሠራል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ካሜራውን ቆመው ማዞር ነው። ቆማችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ብታዞሩት የቀረበውም የራቀውም አንድ ላይ ይንሸራተታል። ዙምም እንደዚያው። ዙም ፎቶውን መሳብ ነው፤ ጀበናውና ከኋላው ያለው ሶፋ በአንድነት ይተልቃሉ። ቦታችሁ ካልተቀየረ ምንም አልተላቀቀም።

ስለዚህ ስልኩን በሁለት እጅ ያዙ፤ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ። ሰውነታችሁን ብቻ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አሸጋግሩ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በ5 ሰከንድ። ያን ያህል ትንሽ ነው። ከፊት የሆነ ነገር ካለ፣ የበር ጠርዝ ወይም የጀበናው አንገት፣ ከኋላው ሌላው ሲገለጥ ታያላችሁ። ወደ ፊት የምትሄዱ ከሆነ ሰፊውን ሌንስ ተጠቀሙ፤ ከፊት ያለው ፈጥኖ ይተልቃል፣ የኋላው ባለበት ይቆያል። ፊትን ግን በሰፊው ሌንስ በጣም ተጠግታችሁ አትቅረጹ። አፍንጫ ያገዝፋል፣ ባለቤቷም አትወደውም።

ሴቲንጉ ውስጥ መግባት የምትችሉ ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ አይርገበገብባችሁም። አሜሪካ ያላችሁ ግን እዚያ 60 ኸርዝ ነውና 30 ፍሬም፣ 1/60 ይሁን።

7. ኤዲት ላይ እጃችሁን ሰብስቡ

ሻርፕነስ አትጨምሩ። ሻርፕነስ የሚሠራው በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ነጭና ጥቁር መስመር በመሳል ነው። ከሩቅ የጠራ ይመስላል። ከቅርብ ግን ሴትዮዋ በመቀስ የተቆረጠች ትመስላለች። የውበት ፊልተርም አይሆንም፤ የቆዳውን ጥቃቅን ጥላ ሁሉ ይልጠዋል። መንካት ያለባችሁ ኮንትራስት ነው፣ እሱንም በትንሹ። ጀበናው ጥቁር ይሁን፣ ሸማው ነጭ ይሁን፣ ፊቷ በመካከል ይቀመጥ። ጥላውን ሁሉ አንሥታችሁ "እንዲታይ" ካደረጋችሁት ሁለተኛውን እርምጃ በሙሉ አፈረሳችሁት።

ከኤዲት ስታወጡት ቢትሬት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰከንድ ቪዲዮ የሚሰጠውን የመረጃ መጠን፣ አትቆጥቡ። ዩቲዩብ ለ1080 በተለመደው ፍሬም 8 ሜጋቢት በሰከንድ ይመክራል። ቢትሬቱ ሲያንስ መጀመሪያ የሚሄዱት ጭሱ፣ ቄጠማውና የጨለማው ክፍል ናቸው፤ ማለትም የለፋችሁባቸው። በቴሌግራም ለዘመድ ስትልኩም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ቪዲዮ ሲላክ ብዙ ጊዜ ይጨመቃል። እዚያ ማዶ ያለችው እህታችሁ የምታየው ጭስ ሳይሆን አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን የሆነ ግራጫ ነገር ይሆናል።

ከመላካችሁ በፊት ያችን የወረቀት ቱቦ አንሡና በራሳችሁ ቪዲዮ ላይ ሞክሩ። በአንድ ዓይን ስታዩት ምንም ካልገባ፣ ምንም ካልተላቀቀ፣ ችግሩ ስክሪኑ አይደለም። ቡናው ሁለተኛ ቶና ላይ ሳለ ብርሃኑን ቀይሩና ድገሙት።

8. ቲቪው ራሱ እንዳያበላሸው

ጥሩ ቪዲዮ ይዞ ሄዶ መጥፎ ቲቪ ላይ ማሳየት ያናድዳል። አብዛኛውን ጊዜ ቲቪው መጥፎ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ በመብራት መካከል እንዲደምቅ ተደርጎ የተስተካከለ ነው። ሪሞቱን ተቀበሉ።

የሥዕል ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። ቪቪድ ወይም ዳይናሚክ የሚለውን ሲኒማ ወይም ሙቪ ወደሚለው ቀይሩ። ፊልምሜከር የሚል ካለም እሱ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ቢጫ ይመስላችኋል። አሥር ደቂቃ ስጡት፣ ዓይን ይለምዳል።

ሻርፕነሱን አንድ ጽሑፍ እያያችሁ ዝቅ አድርጉ። በፊደሎቹ ዙሪያ ያለው ነጭ ጥላ ሲጠፋ አቁሙ።

ኖይዝ ሪዳክሽን ይጥፋ። የቆዳና የሸማ ዝርዝር እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይጠርገዋል። ፍሬም እየፈጠረ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰውንም አጥፉ። ስሙ በየቲቪው ይለያያል፤ ሞሽን የሚል ቃል ያለበትን ፈልጉ። በሚንቀሳቀስ እጅ ዙሪያ ጠርዙን ያሟሟዋል።

የሥዕሉን መጠን የሚያስተካክለው ቦታ ላይ ስክሪን ፊት ወይም ጀስት ስካን የሚል ካለ እሱን ምረጡ። አለበለዚያ ቲቪው ምስሉን ትንሽ ለጥጦ ጠርዙን ይቆርጣል፣ ጥቃቅኑም ነገር አብሮ ይደበዝዛል።

ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ካገናኛችሁና ጥቁሩ ግራጫ ከሆነ ወይም ጥላው ሁሉ ከተዋጠ ምናልባት ሁለቱ አልተግባቡም። አንዱ ጥቁርን 0 ይለዋል፣ ሌላው 16። የቲቪው ብላክ ሌቭል የሚለው ላይ ሎው እና ሃይን ቀያይራችሁ እዩ። ጀበናው ጥቁር ሆኖ እጀታው የሚታይበት ትክክለኛው ነው።

መስኮቱ ከቲቪው ፊት ለፊት ከሆነ መጋረጃውን ዝጉ። ጥቁሩ ላይ የቀን ብርሃን ሲያርፍ ግራጫ ይሆናል፣ የኮንትራስት ሥራችሁ ሁሉ በእሱ ይታጠባል። ኦሌድ የሆነው እያንዳንዱን ነጥብ ማጥፋት ስለሚችል ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ የምር ጥቁር ነው። ኤልሲዲው ከኋላው መብራት ስላለው እዚያ ደረጃ አይደርስም። ስለዚህ ለእሱ ክፍሉን ድቅድቅ አታድርጉት፤ ከቲቪው ኋላ ደብዘዝ ያለ መብራት ቢኖር ጥቁሩ ይሻላል።

የምትቀመጡበት ርቀት ደግሞ አለ። ጤነኛ ዓይን የሚለየው ትንሹ ነገር የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ነው። በዚህ ሲሰላ 1080 ለሆነ ቪዲዮ ባለ 32 ኢንች 1.3 ሜትር፣ ባለ 43 ኢንች 1.7 ሜትር፣ ባለ 55 ኢንች 2.2 ሜትር ገደማ ላይ ዝርዝሩ ሁሉ ይታያል፣ ነጥቦቹ ግን አይታዩም። ከዚያ እየራቃችሁ ስትሄዱ የቄጠማውና የሽመናው ዝርዝር ይሄዳል። 4ኬ ከሆነ ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። የኛ ሶፋ አብዛኛውን ጊዜ ከቲቪው 3 ሜትር ተኩል ይርቃል፤ 32 ኢንች ቲቪ ላይ ከዚያ ርቀት ኤችዲም ሆነ ኤስዲ ብዙ ልዩነት አታዩም። ወንበር ሳቡ።

በመጨረሻ፣ ብዙ ቲቪዎች ሴቲንጉን የሚይዙት ለእያንዳንዱ መግቢያ ለየብቻ ነው። ለዲሹ ያስተካከላችሁት ለፍላሹ አይሠራም፣ ለፍላሹ ያስተካከላችሁት ለኤችዲኤምአይ አይሠራም። ቪዲዮውን የምታሳዩበትን መግቢያ መጀመሪያ ክፈቱና እዚያው ላይ ሆናችሁ ቀይሩት። በማግስቱ አባወራው "ቲቪዬ ደበዘዘ" ብሎ ከደወለ ቪቪድ የሚለውን የት እንደሚያገኘው ንገሩት። ቤቱ የእሱ ነው።